እርጥበት መጣጭ ከረጢቶችን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ መጠቀም፦ ከመለየት እስከ መጣል

አዲስ ጫማ ካርቶኑ ውስጥ፣ አዲስ ቦርሳ ኪሱ ውስጥ፣ የቪታሚን ጠርሙስ ከክዳኑ ሥር አንዲት ትንሽ ከረጢት ይዞ ይመጣል። «አይበላም» ተብሎ ተጽፎባታል። ግማሹ ሰው ሳያነብ ይጥላታል፣ ግማሹ ደግሞ መርዝ ናት ብሎ ይደነግጣል።

ማስጠንቀቂያው በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ውስጡ ያለው ነገር ግን በጣም ይለያያል። አንዱን ሕፃን ቢውጠው ምንም ሳያደርገው ይወጣል። ሌላው ደግሞ ዓይን ውስጥ ከገባ የማየት ችሎታን ሊያሳጣ ይችላል። ሁለቱም ትንሽ ነጭ ከረጢት ውስጥ ነው ያሉት። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከማስቀመጣችሁ በፊት የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ እወቁ፣ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

መጀመሪያ፦ በእጃችሁ ያለውን ለዩ

ከረጢቱን አትቅደዱ። ጽሑፉን አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ የኬሚካሉ ስም በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፍ ከሌለው ደግሞ በመልኩ፣ በጣት ሲዳሰስ በሚሰጠው ስሜትና ከመጣበት ዕቃ መገመት ይቻላል።

*ሲሊካ ጄል።* በብዛት የምታገኙት ይሄን ነው። ስሙ ጄል ይበል እንጂ ደረቅ ነው፤ ከውጭ ስትዳስሱት ትንንሽ ጠንካራ ክብ ፍሬዎች ይሰሟችኋል። ልክ እንደ አሸዋ ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ልዩነቱ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ መሆኑ ነው። እርጥበቱ የሚያዘው በነዚህ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ስለሆነ ፍሬው ሲጠግብም ከላይ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ከራሱ ክብደት ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆን ውሃ መያዝ ይችላል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዋልተር ፓትሪክ የአመራረቱን ዘዴ የፈጠራ መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፣ ማለትም ከመቶ ዓመት በላይ ሰው አጠገብ የኖረ ነገር ነው።

ተራው ነጭ ወይም ውሃ መሰል ሲሊካ ጄል መርዝ አይደለም። ሆድ አይፈጨውም፣ ወደ ደምም አይገባም። ታዲያ ለምን አይበላም ይባላል? አንደኛ፣ ከረጢቱም ሆነ ፍሬው የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ እርጥበት ስለሚስብ አፍና ጉሮሮ ያደርቃል። ደግሞ «ሲሊካ ሳንባ ይጎዳል» ሲባል የሰሙ ሰዎች ይሰጋሉ። ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ የሚያመጣው ክሪስታል የሆነው የሲሊካ ብናኝ ነው፣ ሲሊካ ጄል ግን ክሪስታል አይደለም። ቢሆንም ከተፈጨ አቧራው አፍንጫና ዓይን ያስቆጣል፣ ስለዚህ አትርገጡት፣ አትውቀጡትም።

ቀለም ያለው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሰማያዊ ሆኖ እርጥበት ሲጠግብ ሮዝ የሚሆነው ሲሊካ ጄል ቀለሙን የሚያገኘው ከኮባልት ክሎራይድ ነው፣ ይህ ኬሚካል ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በትንፋሽ ሲገባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የተመደበ ነው። በታሸገ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ማንንም አይነካም። ግን ለምግብ፣ ለመድኃኒት፣ ለሕፃን ልብስ አይሆንም፣ ፍሬውን በባዶ እጅ መዛቅም አያስፈልግም። ብርቱካናማው በኮባልት ፋንታ የመጣ ነው፤ የተሻለ ቢሆንም እሱም የቀለም ኬሚካል ስላለበት ከምግብ አርቁት። የእኔ ምክር፦ ልጅ ወይም እንስሳ ባለበት ቤት ቀለም የሌለውን ብቻ ተጠቀሙ፣ የጠገበ መሆኑን ደግሞ በሚዛን እወቁ። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

*ሸክላ አፈር።* ግራጫ ወይም ቡናማ ቅርጹ የማይመሳሰል ጥራጥሬ ነው። ከሁሉም ገራሙ ይሄ ነው፤ ሲርስ ጭቃ ይሆናል፣ በቃ። ሙቀት ላይ ግን ይሰንፋል፤ ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ የያዘውን እርጥበት መልሶ መልቀቅ ይጀምራል።

*ካልሲየም ክሎራይድ።* ቁም ሳጥን ውስጥ የሚንጠለጠለው ከላይ ነጭ ጥራጥሬ፣ ከታች ውሃ የሚጠራቀምበት ባለ ሁለት ክፍል ከረጢት ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። በፕላስቲክ ገንዳ መልክም ይሸጣል። ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ስለሚስብ ለእርጥብ ክፍል ከሲሊካ ጄል በጣም ይበልጣል። ጣጣው ግን ያ የተጠራቀመው «ውሃ» ውሃ አለመሆኑ ነው። ድፍን ያለ የጨው ፈሳሽ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ይጎዳል፣ ብረት ያዝጋል፣ የቆዳ ጫማና ጃኬት ላይ ከፈሰሰ ቆዳውን ያኮማትረዋል፣ ያጠነክረዋልም። ሲያዩት ደግሞ ንጹሕ ውሃ ይመስላል። ልጅ ሊጠጣው፣ ውሻ ሊልሰው ይችላል።

*ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ማለትም ውሃ ያልነካው ኖራ።* በጣም እንድትጠነቀቁለት የምፈልገው ይሄ ነው። የሚገኘው በደረቅ ምግብ እሽጎች ውስጥ ነው፣ በተለይ በብስኩትና በደረቀ የባሕር አረም እሽግ። ከረጢቱ ከሌሎቹ ወፈር ያለ ነው፣ ውስጡ ነጭ ጠጠር ወይም ዱቄት አለ፣ እርጥበት ሲጠግብ ደግሞ ያብጣል። ውሃ ሲነካው እንደ ሌሎቹ ዝም ብሎ አይርስም፤ ኬሚካላዊ ለውጥ አድርጎ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፣ በዚያ ጊዜ የሚያወጣው ሙቀት ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ዓይን፣ አፍ፣ ላብ ያለበት እጅ፣ ሁሉም እርጥብ ናቸው። ጉዳቱ ድርብ ነው፣ በሙቀቱም በኬሚካሉም ያቃጥላል። ልጆች ከረጢቱን ቀደው ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ክዳኑን ሲዘጉት ጠርሙሱ በእንፋሎት ግፊት ይፈነዳና ፈሳሹ ፊታቸው ላይ ይረጫል። በዚህ መንገድ ዓይናቸው የተጎዳ ልጆች አሉ። ለልጆቻችሁ ይህን አንድ ነገር በግልጽ ንገሯቸው፦ ከምግብ ውስጥ የወጣ ከረጢት ውሃ ውስጥ አይገባም።

*መጣጭ የሚመስል ግን ያልሆነ።* ምግብ እሽግ ውስጥ ያለው ከረጢት ጥቁር ወይም ቡናማ ዱቄት ከያዘ ኦክስጅን ሳቢ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ የብረት ዱቄት ነው። መለየት ከፈለጋችሁ ማግኔት አስጠጉበት፣ ብረት ከሆነ ይሳባል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ምግቡን ከነከረጢቱ ካስገባችሁት ብልጭታ ሊያወጣና እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ሶፋና ጫማ የገዙ ብዙ ሰዎች ቆዳቸው ክፉኛ ቆስሎ ነበር። ምክንያቱ ዕቃው ውስጥ የተከተተው ከረጢት እርጥበት መጣጭ ሳይሆን ዳይሜቲል ፉማሬት የተባለ የሻጋታ ማጥፊያ መያዙ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ ኬሚካል ያለበት ዕቃ ለሸማች እንዳይሸጥ ከለከለ። ስለዚህ ከአዲስ ዕቃ የወጣ ስም የለሽ ከረጢት አንስታችሁ ሌላ ቦታ አትጠቀሙበት።

መለየት ካቃታችሁስ? ኖራ ነው ብላችሁ ያዙት። አትክፈቱት፣ አታርሱት፣ «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ ውሃ አታንጠባጥቡበት።

ሁለተኛ፦ ቦታውን ምረጡ

ማንኛውም መጣጭ የሚሠራው በተዘጋ ቦታ ነው። መኝታ ክፍል መሃል የተቀመጡ ጥቂት ከረጢቶች ምንም አይለውጡም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር አዲስ እርጥብ አየር ይገባል። ክዳኑ የሚገጥም ሳጥን፣ የተዘጋ መሳቢያ፣ የካሜራ ቦርሳ፣ እነዚህ ናቸው ቦታዎቹ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ግዙ። የቤት አየር እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን መልካም ነው፣ ከ60 በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይመቸዋል። ግድግዳው ውሃ እያሰረገ ከሆነ ግን መጣጭ መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው። መጀመሪያ ቧንቧውን ወይም ጣሪያውን አስጠግኑ።

*መድኃኒት።* ጠርሙሱ ውስጥ አብሮ የመጣውን ከረጢት ወይም ትንሽ የፕላስቲክ በርሜል አታውጡ፣ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ ሆን ተብሎ የገባ ነው። ሌላ አትጨምሩበትም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ያቺ ትንሽ በርሜል ክኒን ትመስላለች፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶች በስህተት ይውጧታል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ መድኃኒታቸውን ራሳቸው የሚወስዱ ከሆነ አብራችሁ ተቀመጡና ጠርሙሱን ከፍታችሁ አሳዩአቸው። ክኒኖችን ወደ ሳምንታዊ ሳጥን ስታዘዋውሩም በርሜሏ አብራ እንዳትገባ እዩ።

*ምግብ።* ለምግብ ተብሎ የተሠራ፣ ያንንም በጽሑፉ የሚገልጽ ሲሊካ ጄል ብቻ። ከጫማ ካርቶን የወጣ ከረጢት ምን ነክቶ እንደመጣ አይታወቅም። ጨው እንዳይረጥብ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ጥሬ ሩዝ ጨው መነስነሻው ውስጥ መጨመር ይበቃል፣ ኬሚካል ምን ያደርጋል?

*ሰነድ፣ ፎቶና ካሜራ።* ሲሊካ ጄል በከረጢቱ እንዳለ፣ ሌንሱን ወይም ፎቶውን ሳይነካ በሳጥኑ ጥግ ይቀመጥ። ፍሬውን እንዲሁ አትበትኑት፣ አቧራው ሌንስ ይጭራል።

*ቁም ሳጥን።* ካልሲየም ክሎራይድ ከተጠቀማችሁ እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ። ወለል ላይ ካስቀመጣችሁት ድክ ድክ የሚል ልጅ ይደርስበታል። ከላይ መደርደሪያ ላይ ካደረጋችሁት ሲፈስ ልብስ ላይ ይወርዳል። እኔ የምመርጠው የሚንጠለጠለውን ለብቻው ጥግ ላይ፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ፣ ልብስ ሳይነካው መስቀል ነው። ከሥሩ የፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ እንጂ ጫማ አይቀመጥ። ገንዳውን ከመረጣችሁ ደግሞ ራሱን ሰፋ ባለ ሌላ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ዝርግ ቦታ ላይ አኑሩት። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ ኮምፒውተር፣ ቻርጀር ባለበት አጠገብ በፍጹም። የቆዳ ዕቃ ላለበት ቁም ሳጥን ይህን ትታችሁ ሲሊካ ጄል ተጠቀሙ።

*መኪና።* ፈሳሽ የሚያጠራቅም ገንዳ መኪና ውስጥ አይቀመጥም፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይደፋል። በጨርቅ የተሰፋ ትልቅ የሲሊካ ጄል ከረጢት ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ከኤርባግ ክዳን በላይ አይሁን፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ተስፈንጥሮ ሰው ይመታል።

ሦስተኛ፦ ሲሊካ ጄልን አድርቆ መልሶ መጠቀም

ሲሊካ ጄል ሲጠግብ አይጣልም፣ በሙቀት እርጥበቱን ይለቃል። ይህን የምታደርጉት ግን ቀለም በሌለው ብቻ ነው። ሰማያዊውንና ብርቱካናማውን ምግብ በምታበስሉበት ምድጃ አታስገቡ።

ገና አዲስ ሆኖ ሳለ ከረጢቱን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑና ክብደቱን በላዩ ጻፉ። አንድ ወር ቆይታችሁ መዝኑት። 100 ግራም የነበረው 120 ግራም ከደረሰ ማድረቂያው ጊዜ ደርሷል። መጀመሪያ ክፍሉን አናፍሱ። የወረቀትና የፕላስቲክ ከረጢት በሙቀት ስለሚቀልጥ ወይም ስለሚያር ፍሬዎቹን ቀስ ብላችሁ ብረት ትሪ ላይ ገልብጡና በስሱ ዘርጓቸው። ምድጃውን 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጋችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አቆዩአቸው። ሙቀቱን በመጨመር አታፋጥኑት፣ ቀዳዳዎቹ ይጎዱና ፍሬው መምጠጡን ያቆማል። ማይክሮዌቭም አልመክርም፤ አንዱ ቦታ ይግላል፣ ሌላው አይሞቅም። ሲያልቅ ትኩስ ፍሬዎቹን ክዳኑ ወደሚገጥም የብርጭቆ ማሰሮ አስገቡና ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ አጥብቃችሁ ዝጉት። ክፍት ትሪ ላይ ብትተዉት የክፍሉን እርጥበት መልሶ ይስበዋል፣ ድካማችሁ ከንቱ ይቀራል።

የደረቁትን ፍሬዎች ለማጠብ ብላችሁ ውሃ ውስጥ አትጨምሩ። ይሞቃሉ፣ እየጮሁም ይሰነጠቃሉ። እንደገና ለማሸግ ትንሽ የጥጥ ከረጢት ይበቃል፣ ስፌቱ ግን ጠበቅ ይበል። ከዚህ በኋላ «አይበላም» የሚለው ጽሑፍ የለምና እናንተ ጻፉበት።

ካልሲየም ክሎራይድን ግን «ውሃውን አትንኜ ጨዉን መልሼ ልጠቀም» አትበሉ። የጋለ ጨው ይረጫል፣ ዕቃውንም ይበላዋል።

አራተኛ፦ ማስወገድ

ተራ ሲሊካ ጄልና ሸክላ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣላሉ። ልጅ ወይም ውሻ ቆሻሻ የሚበረብር ከሆነ ክዳን ባለው መጣያ ይሁን። ሰማያዊውን የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ካለ እዚያ ስጡት።

የካልሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ፦ ጓንት አድርጉ፣ ብትችሉ መነጽርም። ገንዳውን ከመሞላቱ በፊት ባዶ አድርጉት፣ አፍ እስከ ገደፉ የሞላ ዕቃ ሲሸከሙት ይፈሳል። ሽንት ቤት ወይም የፍሳሽ መስመር ውስጥ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ብዙ ውሃ ልቀቁበት። አበባ ሥር አትድፉት፣ ጨው ተክል ይገድላል። ከሌላ የጽዳት ኬሚካልም ጋር አትቀላቅሉት።

ወለል ላይ ከፈሰሰ ብዙዎች በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይተዉታል። አይሆንም። ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚኖር አይደርቅም፣ እንደ ዘይት ያንሸራትታል። በጨርቅ ምጠጡት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ማሙለጩ እስኪጠፋ ድረስ። ጨርቁንም ከሌላ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። የኤሌክትሪክ ሶኬት ከነካ መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፉ።

ኖራውን እንዳልተከፈተ በደረቅ ፌስታል ጠቅልላችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት። ከምግብ ትርፍራፊና ከእርጥብ ነገር ጋር አይደባለቅ። አብጦ የጠገበው ሙቀት አያወጣም፣ ግን አሁንም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

አምስተኛ፦ አደጋ ከደረሰ

*ትንታ ወይም መታነቅ።* ሰውየው መሳል ከቻለ ይሳል። መሳልም መናገርም ካልቻለ ጎንበስ አድርጋችሁ በእጃችሁ መዳፍ ትከሻው መካከል አምስት ጊዜ በኃይል ምቱት፤ ካልወጣ ከኋላው ቆማችሁ ከእምብርቱ በላይ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ፣ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ሆዱ አይገፋም። ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ ጀርባውን ምቱ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ በሁለት ጣት ደረቱን ግፉ። ሌላ ሰው ወዲያው አምቡላንስ ይጥራ።

*የዋጠ ሰው።* ምንም ቢሆን አታስታውኩት። ተራ ሲሊካ ጄል ከሆነ አፉን አጽዱ፣ ውሃ ስጡት፣ መተንፈሱን ተከታተሉ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ አያስፈልግም። ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ኖራ ከሆነ አፉን በብዙ ውሃ አጉመጥምጡት፣ መዋጥ ከቻለ ትንሽ ትንሽ ውሃ ስጡትና ሐኪም ጋ ሂዱ። አፍ ውስጥ ቁስል፣ የምራቅ መዝረብረብ ወይም የድምፅ መጎርነን ካለ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ነገ አይባልም። የብረት ዱቄቱን ትንሽ ሕፃን ከበላውም ሐኪም ጥሩ።

*ዓይን።* ኖራ ከሆነ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል። አትሹት። ፊት ላይ ያለውን ደረቅ ዱቄት ከዓይን ወደ ውጭ አራግፉ፣ ወዲያው የሚፈስ ንጹሕ ውሃ ሥር አድርጉት። የዓይን ሽፋኑን በጣት ከፍታችሁ ያዙ፣ ልጁ ቢያለቅስም ቢታገልም። ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡ። ኮንታክት ሌንስ ካለ በመሃል አውጡ። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ «ያበርደዋል» ብላችሁ አታድርጉ፣ ይባስ ይጎዳል። ከዚያ ሕመሙ ቢተውም ሆስፒታል ሂዱ፤ ይህ ኬሚካል ከላይ ሳይታይ ወደ ውስጥ ዘልቆ መጉዳቱን ሊቀጥል ይችላል። ካልሲየም ክሎራይድ ሲሆንም እጥበቱ ያው ነው።

*ቆዳ።* ደረቁን ኖራ መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ጥቂት ውሃ ብቻ ካደረጋችሁበት የሚግለው እዚያው ቆዳው ላይ ነው። ቀለበት፣ ሰዓትና የነካውን ልብስ አውልቁ።

*ውሻና ድመት።* ተራ ሲሊካ ጄል የበላ ውሻ ብዙ ጊዜ ሆዱ ትንሽ ይታወካል፣ ያልፍለታል፣ ከረጢቱ ትልቅ ከሆነ ግን አንጀት ሊዘጋ ይችላል። የቁም ሳጥኑን ፈሳሽ ከላሰ፣ ወይም ኦክስጅን ሳቢ ከበላ፣ ምልክት ሳትጠብቁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ የብረት ዱቄቱ ለትንሽ ውሻ በእርግጥ መርዝ ነው። ለሰውም ለእንስሳም ስትሄዱ የተቀደደውን ከረጢት በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደተወሰደ ነው፣ መልሱ ደግሞ ያለው እዚያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው።